የአምስት ሰዓቱ ሰው

መጣ! እንኳን ደስ ያላችሁ፣ መጣ! ሰዓቱን ሳያዛንፍ፣ ከነትእዛዙ፣ ከነአራት ነጥቡ ከች አለ። ልክ አምስት ሰዓት ላይ ከግድግዳው ማዶ የሷን ሳቅ ስሰማ የያዝኩትን ገጽ በተንጠለጠለበት ትቼ ብድግ አልኩ። ሳቋን ከሰማሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ማን እንደመጣ፣ ለማን እንደመጣ ሳልናገር ጮቤ ረገጥኩ አይደል? ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብና ከሥሩ ልጀምር።

ማተሚያ ቤታችን ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ከታች ጠራዡ፣ ከመሃል ማሽኖቹ፣ ከላይ እኛ። እኛ ማለት ፊደል ለቃሚዋ እኔና ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ያለችው አራሚዋ ነን። አራሚዋን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «እትዬ ቀይ» ነው የሚላት። በመልኳ አይደለም፣ መልኳ እንደኔው ጠይም ነው። በቀይ እስክሪብቶዋ ነው። ከመቶ ፊደሎች መሃል ከሌላ ዓይነት ቅርጽ ተሳስታ የገባች አንዲት ፊደል ካለች፣ ትንሽ ወፈር ወይም ቀጠን ያለች፣ እኛ አፍንጫችንን ወረቀቱ ላይ ደፍተን የማናያትን፣ እሷ ክንዷን ዘርግታ ታያታለች። «እንግዳ» ትላታለች። በቀይ ትከባትና ግድግዳውን በጉልበቷ ታንኳኳለች። «ለቃሚዋ! ገጽ አርባ ላይ እንግዳ ገብቶብሻል፣ አስወጪልኝ!» ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይሄ ነው፤ የዚህ መስመር የሆነውን እዚህ፣ የዚያ የሆነውን እዚያ።

ባሏ ደግሞ «ጋሽ አራት ነጥብ» ይባል ነበር። በኛ ቤት እርማት በሁለት ሰው ነበር የሚሠራው። አንዱ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የተለቀመውን ገጽ በዓይኑ ይከተላል። አንባቢው ቃሉን ብቻ አይደለም የሚያነበው፤ ነጠላ ሰረዙንም ቅንፉንም በስሙ ይጠራል። ጋሽ አራት ነጥብ ሃያ ስድስት ዓመት ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲያ ሲያነብ ኖረና አመሉ ከሥራም ውጪ አልለቀው አለ። «ሻዩ ቀዝቅዟል፣ አራት ነጥብ።» «ቁልፉን የት አደረግሽው፣ ጥያቄ ምልክት።» ሲቆጣማ ቃለ አጋኖውን ሁለቴ ይጠራል። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ እየሰማሁት ስንት መጽሐፍ ሳልገልጥ አንብቤያለሁ!

ልጅ አልነበራቸውም። ጠዋት አብረው ይመጣሉ፣ ማታ አብረው ይሄዳሉ፣ መሃል ላይ እሱ ያነባል እሷ ትከባለች።

ሐሙስ ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጠራዡ ከታች ይወጣል። ሙጫ የደረቀበት ጣቱን በሽርጡ እየጠረገ፣ በሳምንቱ ከተጠረዘው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዞ። ሦስተኛውን በርጩማ ይስቡለታል። ከዚያ ሦስቱ ራሳቸውን ገጥመው መጽሐፉን እንደመጣ ይገልጡና ከሁላቸውም ዓይን ያመለጠች ስህተት ይፈልጋሉ። ካገኙ ሳቁ ነው! ተጠርዟል እንግዲህ፣ ማን ምን ያደርገዋል። «ያመለጠችው» ይሏታል። እትዬ ቀይ ፊቷን በወረቀት ትሸፍናለች፣ ጋሽ አራት ነጥብ ስህተቷን በክብር ጮክ ብሎ ያነባታል።

ከዚያ ጋሽ አራት ነጥብ ታመመ። ሆስፒታል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ በሁለት ጣቱ ሲለቅም አየሁት። ማስታወሻ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። ሰዓት ትሞላለህ፣ ቃል ትሞላለህ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቢጫ ወረቀት የመሰለች ነገር ስክሪኑ ላይ ብቅ ትልና ታስታውስሃለች። «ምን እየሠራህ ነው ጋሼ?» ብለው «ምክትሌን እያሠለጠንኩ ነው፣ አራት ነጥብ» አለኝ። ከሆስፒታሉ አልተመለሰም።

እትዬ ቀይ ከሐዘን ተመልሳ ሥራ በገባች በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቢጫዋ ወረቀት ብቅ አለች።

«ቀይዬ፣ ተነሺ። ወገብሽን አፍታቺ። መስኮቱን ክፈቺ። አራት ነጥብ።»

በማግስቱም። በሦስተኛው ቀንም። በየስንት ጊዜው ይደገም ለሚለው «በየቀኑ» ብሏል። የማብቂያው ቀን የሚሞላበትን ሳጥን ግን እንዳለ ባዶውን ትቶታል። አራት ነጥብ ረስቶ የማያውቅ ሰው!

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ አዲስ የእርማት ፕሮግራም አስገባ። ለፕሮግራሙ ተብሎ የኮምፒውተሮቹ ዴስክቶፕ ተቀየረ። ዴስክቶፕ የሚሉት ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚቀበላችሁን ነገር ሁሉ ነው። ሜኑው በየት በኩል እንዳለ፣ መስኮቶቹ በየት በኩል እንደሚዘጉ፣ የፊደሉ ውፍረት፣ የቀለሙ ዓይነት። አሮጌው ዴስክቶፕ አልጠፋም፤ ከአዲሱ ጎን ተቀምጧል። ግን አንዱ ውስጥ ለመግባት ከሌላው መውጣት ነው። የማስታወሻው ፕሮግራም ለአሮጌው የተሠራ ነበር። ያኔ የነበረው ቴክኒሻን አንድ እግሩን በሩ ላይ እንዳደረገ፣ «የዚያኛው ለዚያኛው፣ የዚህኛው ለዚህኛው ነው እትዬ፣ አይቀላቀሉም» ብሏት ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ለምን?» ይል ነበር። እትዬ ቀይ አላለችም። ዕድሜ ልኳን የኖረችበት ሕግ ነዋ! ከሌላ ፊደል የመጣ በዚህ መስመር አይቀመጥም። ኮምፒውተር ደግሞ እንደሷ ያለ አራሚ መስሎ ታያት።

እና ምን ታደርግ ጀመር መሰላችሁ? በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የያዘችውን ሥራ ታስቀምጣለች፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ትዘጋለች፣ ከአዲሱ ትወጣለች፣ ወደ አሮጌው ትገባለች። ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ነው፣ ያቃስታል፣ ያስባል። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቃለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ቢጫዋ ወረቀት ትወጣለች። ታነባታለች። ትነሳለች፣ ወገቧን ታፍታታለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች። ከዚያ «እሺ» የሚለውን ተጭና፣ ወጥታ፣ ወደ አዲሱ ተመልሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ዝም ነው።

አንዳንድ ቀን መስመር ልጨርስ ስትል ሦስት ደቂቃ ታሳልፋለች። ያቺ ፕሮግራም ደግሞ ሰው አትጠብቅም፤ በሰዓቷ ካልተገኙ አለፈች ነው። እንዲህ ባለው ቀን መስኮቱ ተዘግቶ ይውላል። ደረጃ ላይ ሳገኛት «ዛሬ አመለጠኝ» ትለኛለች፣ እኔም ታክሲ መስሎኝ «ሌላ ይመጣል እትዬ» እላታለሁ። ምን አውቄ!

ሥራውንም ለብቻዋ ያዘችው። በአንድ ዓይኗ የደራሲውን ጽሑፍ፣ በሌላው ገጹን። ግድግዳው ላይ ስደገፍ የሚሰማኝ እስክሪብቶ ወረቀት ሲፍቅ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው በርጩማ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የወረቀት መከመሪያ ሆነ። ማታ ኮቷን ትለብሳለች፣ መብራቱን ታጠፋለች፣ በሩ ላይ ቆም ብላ አንድ ጊዜ ዞር ትላለች። አብሯት የሚወጣ እየጠበቀች ይመስል።

ጠራዡስ? ጠራዡ ሐሙስ ሐሙስ አሁንም ይወጣል። ግን አይገባም። እርምጃውን እሰማለሁ፤ ከባድ ነው፣ በየአምስተኛው ደረጃ ያርፋል። በሯ ጋ ይደርሳል፣ መጽሐፉን ደጅ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ይወርዳል። እሷ ውስጥ እርምጃውን እየሰማች እስክሪብቶዋን ታቆማለች። እሱ ሐዘኗን እንዳይቀሰቅስባት ፈርቶ ነው። እሷ ደግሞ የሚመጣው ለባሏ ብሎ እንደነበር፣ አሁን መግባቱ ሸክም እንደሆነበት ወስና ጨርሳለች። ምሳ ሰዓት በር ላይ ሲገናኙ ንግግራቸው ይህቺው ናት፦

«እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና። እንዴት ዋልክ?»

«ደህና።»

ሦስት ዓመት!

ባለፈው ሰኞ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እትዬ ቀይ እንደልማዷ እስክሪብቶዋን አውጥታ መጀመሪያ የጎደለውን አራት ነጥብ ጨመረች፣ የተደገመውን «እና» ሰረዘች፣ ከዚያ ነው ምን እንደሚል ያነበበችው። ኮምፒውተሮቹ ቦታ ስለሞላባቸው ረቡዕ ዕለት አሮጌው ዴስክቶፕ ይጠፋል ይላል። እስክሪብቶዋን ከደነች። ማክሰኞን ምን እንደሠራች አላውቅም፤ ገጾቼ ሁሉ አንድም ቀይ ሳይነካቸው ተመለሱልኝ፣ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ረቡዕ ባለሽቦዋ መጣች። ይህቺ የአሁኗ ቴክኒሻናችን ናት፤ የአራት ልጆች እናት፣ ሳቂታ፣ ከቦርሳዋ ሽቦ ሳይንጠለጠል የማትታይ። በሩን ከፍቼ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

«እትዬ፣ ቶሎ ልጨርስልሽ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ነገ አይሆንም?»

«ነገ ሌላ ቢሮ ነኝ።»

«እንግዲያው ከአምስት ሰዓት በኋላ ይሁን።»

«ምነው?»

«ሰው ይመጣብኛል።»

«ይምጣ፣ እኔ ምን አደርገዋለሁ!» አለችና ባለሽቦዋ ሽቦዋን እየጠቀለለች ቁጭ አለች። በሩን በሩን ታያለች። እትዬ ቀይ ግን ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዙራ፣ ከአዲሱ ወጥታ፣ አሮጌው ውስጥ ገብታ፣ ፀጉሯን ነካ ነካ አድርጋ ትጠብቃለች። አምስት ሰዓት ሆነ። በሩን የከፈተ የለም። ስክሪኑ ላይ ቢጫዋ ብቅ አለች።

ባለሽቦዋ አነበበች። መጠቅለሉን ተወችው።

«ሰውዬው… ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እና ለዚህ ብለሽ በየቀኑ ከዚያኛው እየወጣሽ እዚህ ትገቢያለሽ? ሦስት ዓመት?»

«አይቀላቀሉም ተብዬ።»

«ማነው ያለሽ?»

«ካንቺ በፊት የነበረው።»

«እሱ ደግሞ! ኧረ እትዬ! ሰው ለመጠየቅ ሲባል ቤት ይቀየራል? ሰውዬውን ወዳንቺ እናመጣዋለን እንጂ! ለሌላ ዴስክቶፕ የተሠራ ፕሮግራም እኮ እዚህም ይሠራል። የሚፈልጋቸውን ትንንሽ ደጋፊ ፕሮግራሞች አብረን ካስገባንለት ምን ተዳው።»

ወደ አዲሱ ገብታ ፕሮግራሙን ስትጠራው ኮምፒውተሩ አብረውት የሚገቡትን ዘረዘረ። አርባ አንድ ናቸው። «አንድ ሰው ብጋብዝ አርባ አንድ ሆኖ መጣ!» ብላ ባለሽቦዋ ጠረጴዛውን መታች። «ያንተ ነገር!» አለች እትዬ ቀይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ማስታወሻዎቹን ገልብጣላት ፕሮግራሙን ከፈተችው። ተከፈተ! ግን መልኩ የዚያ ቤት ነው። ፊደሉ ከሌላው ወፈር ይላል፣ መዝጊያዋ ከሌሎቹ መስኮቶች በተቃራኒ በግራ ናት፣ ቀለሙ ግራጫ። በዚያ ንጹሕ ስክሪን መሃል የገጠር ልብስ ለብሶ ከተማ የገባ ሰው ይመስላል። እትዬ ቀይ ሳታስበው እስክሪብቶዋ ተነሳ።

«እትዬ! ስክሪኑን ልትከቢው ነው?»

እጇን ሰበሰበች።

«ካላማረሽ የዚህኛውን መልክ ላለብሰው እችላለሁ፣ ሌሎቹን ይመስላል።»

እትዬ ቀይ ረዥም ጊዜ አየችው። «ተይው» አለች። «እንዳለ ይሁን።»

አሮጌው ዴስክቶፕ ያኔውኑ ጠፋ።

ሐሙስ፣ ማለት ትናንት፣ እትዬ ቀይ አዲስ ሻርፕ አድርጋ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥታ ሳትገባ፣ ሥራዋ ላይ እንዳለች ልትቀበለው ነው። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ከአንድ። አምስት ከአምስት። ወንበሯ አልተንቀሳቀሰም፣ መስኮቱ አልተከፈተም። አሮጌው ደግሞ የለም፣ ተጠርጓል፣ የሚገቡበት በር የለም። ስገባ ሻርፗን አውልቃ ጭኗ ላይ አጣጥፋዋለች። «በገዛ እጄ» አለችኝ። «እንዳለ ይሁን ያልኩት እኔ። እሺ ብዬ ያስጠፋሁትም እኔ።» ውሃ አመጣሁላት፣ አልጠጣችውም። ምሳም አልወረደችም።

ስልኩን የደወልኩት እኔ ነኝ። ባለሽቦዋ ገና ስትሰማ ግንባሯን ስትመታ ተሰማኝ። «ወይኔ ጉዴ! እዚያ በቤቱ ስለነበር ራሱ ይነሳል፣ እዚህ ግን እንግዳ ነዋ፣ ካልጠሩት አይገባም! ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው ከሚነሱት ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱን ረሳሁት። ስጫት፣ ስጫት!»

ስልኩን ሰጠኋት። እትዬ ቀይ እንደ እርማት ነው የያዘችው፤ ባለሽቦዋ የምትላትን እያንዳንዱን ቃል መልሳ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ፊደል በፊደል። ዝርዝሩን አገኘች፣ ስሙን አስገባች፣ ወጥታ ገባች። ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። የዚያ ቀን አምስት ሰዓት አልፏል። መሥራት አለመሥራቱ እስከ ነገ አይታወቅም። «እንግዲህ ነገ ነው» አለችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

አሥር ሰዓት ላይ ወንበሯ ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ ግድግዳው። በጉልበቷ አይደለም፣ በመዳፏ።

ስገባ አፏን ይዛለች። በእስክሪብቶዋ ወደ ስክሪኑ ጠቆመችኝ። ቢጫ ወረቀት! በአሥር ሰዓት!

«ቀይዬ፣ ሐሙስ ነው። ጠራዡ መጽሐፍ ይዞ ይወጣል። ዓይን አፋር ነው፣ እኔ ከሌለሁ በር ላይ ጥሎ ይሄዳል። ግባ በይው። በርጩማውን አውጪ። አራት ነጥብ።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባን። በየሐሙሱ አሥር ሰዓት ላይ ተሞልቶ ኖሯል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ! እሷ ግን አሮጌው ዴስክቶፕ ውስጥ የምትገባው ለአምስት ሰዓቱ ብቻ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ሁልጊዜ አዲሱ ውስጥ ሥራ ላይ ናት። የሰው መሳቢያ የማትከፍት ሰው ስለሆነች ዝርዝሩን ገልጣ አይታው አታውቅም። እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ እየመጣ ለማንም ሲናገር ኖሯል።

ወረቀቶቹን ከበርጩማው ላይ አወረድን። አቧራውን በአዲሱ ሻርፕ ጠረገችው፣ ልነጥቃት ብል አልለቅ አለች። እርምጃው መጣ። አምስት ደረጃ፣ ዕረፍት። አምስት ደረጃ፣ ዕረፍት። መጽሐፉን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል በሩን ከፈተችው።

«ግባ።»

«አይ… ላስቀምጥ ብዬ ነው። ሥራ አላስፈታሽም።»

«ግባ ተብለሃል።»

«ማን አለ?»

«እሱ ነዋ!»

ጠራዡ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ስክሪኑን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዓይን አፋር ነው አለኝ?»

«አለህ።»

«ይሄ ሰውዬ አሁንም አይተወኝም» አለና በርጩማው ላይ ዱብ አለ፣ ሽርጡን ወደ ፊቱ ወሰደ። ሙጫ ገብቶበት ይሁን ሌላ፣ ዓይኑን ብዙ ጠረገ። እኛም አየር አየር እናያለን። ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ ጀመረ፣ ጮክ ብሎ፣ እየተደነቃቀፈ።

«ነጠላ ሰረዙስ?» አለች እትዬ ቀይ።

«የት አለ?»

«ዘለልከው።»

«ነጠላ ሰረዝ» አለ ጠራዡ እንደ ተማሪ፣ ቀጠለም። ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ አስቆመችው። አንዲት ፊደል፣ ከሌሎቹ ወፈር ያለች፣ መስመሩ መሃል ጉብ ብላለች። ያመለጠችው! የኔ ናት፣ እኔ ነኝ የለቀምኳት። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። እትዬ ቀይ እስክሪብቶዋን አነሳች፣ ፊደሏን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ትቀመጥ» አለች።

ጠራዡ ከሄደ በኋላ እንደወትሮዋ ኮቷን ለብሳ፣ መብራቱን አጥፍታ፣ ብቻዋን ወጣች። ቤቷ ያው ባዶ ነው፣ ያንን ማንም ፕሮግራም አይሞላውም። በሩ ላይ ግን ዞር ብላ፣ «ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አድሮ ነገ ካልመጣስ?» አለችኝ። ሌሊቱን እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ለአምስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ከሆነበት ጀምሮ እጄ ፊደል አልለቅም አለ። እሷም ከሥራዋ አልወጣች፣ የትም አልገባች፣ ገጿን ዘርግታ እያረመች ነበር። ከዚያ ያንን ሳቅ ሰማሁ፣ ከሳቁ ቀጥሎ መስኮቱ ሲከፈት! ጠራዡም ከታች ከደጁ ቀና ብሎ ሰምቷል፣ እጁን ሲያውለበልብ በመስኮቴ አይቼዋለሁ።

ባለሽቦዋ ግን አልሰማችም! ስልኳ አይነሳም፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቢሮ ደግሞ ለምሳ ልትወጣ ስድስት ደቂቃ ነው የቀራት። ይሄን ወረቀት የምታርምልኝ ከግድግዳው ማዶ አለች፤ ስህተት ካለበት ትክበበው፣ እኔ ልሩጥ!